ለድሬ ቤት የቱ ይሻላል፦ ፋይበር ወይስ ሲም የሚገባበት ራውተር? ቴሌቪዥኑስ?

ሳቢያን አዲስ ቤት የገባ ወዳጅ፣ ከዚራ ሱቅ የከፈተ ዘመድ፣ ከሐረር ጀጎል የሚደውል የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፋይበር ላስገባ ወይስ ራውተር ገዝቼ ልገላገል?» በስልክ ያስረዳሁት ግማሹ ስለሚረሳ ጽፌ ላስቀምጠው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በቤቱ ከአንድ ዓመት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣውን ቀጭን የመስታወት ክር፣ አስገቡ። ለምን እንደሆነና ብራችሁን የት ላይ ብታውሉት እንደሚያዋጣ እነሆ።

ከዋጋ እንጀምር። ብዙ ሰው የወር ክፍያን ከወር ክፍያ ጋር ብቻ ያስተያያል። ከዚያ በፊት ቤታችሁ ምን ያህል ዳታ እንደሚበላ አስሉ። ኤችዲ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ በቀን 3 ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት ቢከፈት 9 ጊጋ ነው፤ በወር 270 ጊጋ። የልጆቹ ቲክቶክ፣ ከጅዳና ከቶሮንቶ የሚመጣው የቪዲዮ ጥሪ፣ የስልኮቹ አፕዴት ገና አልተቆጠረም። አሁን የምትገዙትን የዳታ ጥቅል ዋጋ በጊጋው አካፍሉና በ270 አባዙት። በጊጋ የሚሸጥ ዳታ ለቤት ቴሌቪዥን እንደማይሆን ካልኩሌተሩ ራሱ ይነግራችኋል።

«እኔ የማየው ያልተገደበ የሚለውን ጥቅል ነው» የሚል አለ። ጥሩ፤ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስና ወደ ስንት እንደሚወርድ ጠይቁ። ሻጩ ይህን በቁጥር መናገር ካልቻለ አትክፈሉ። ከዚያ ደግሞ ቫት አለ። «በወር 1,000 ብር» የተባለው ያለ ቫት ከሆነ የምትከፍሉት 1,150 ነው፤ በዓመት 1,800 ብር ልዩነት ያመጣል። የራውተሩንም ዋጋ አትርሱ። ለምሳሌ በ6,000 ብር ገዝታችሁ ዓመት ቢያገለግላችሁ በየወሩ 500 ብር ከላይ ጨምራችኋል ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ የማወዳድረው የ12 ወር ድምርን ነው፦ የማስገቢያውን፣ የዕቃውን፣ የወር ክፍያውን ከነቫቱ፣ ለመብራት መጥፊያ የሚያስፈልገውን ሁሉ ደምሬ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ባለበት ቤት ይህን ድምር ስሠራ ፋይበር ያልረከሰበት ጊዜ አላየሁም።

ገመድ አልባውን አልጠላውም፤ ውድድር በመምጣቱም ደስ ብሎኛል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። የአገራችን የስልክ ታሪክም ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የጀመረ ነውና ምሥራቁ በዚህ ጉዳይ ሁሌም ቀዳሚ ነው። ችግሩ የሞገድ ተፈጥሮ ላይ ነው። የአንድ ማማ አቅም በዙሪያው ላለው ሰው ሁሉ ይከፋፈላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲፈተሽ የሚበር ራውተር ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ በሙሉ በርጫ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት፣ ቪዲዮ እያቆራረጠ ይጫወታል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ቤት ልትሞክሩት ከሄዳችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሂዱ።

የመዳቡ የስልክ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። በዚህ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ኤዲኤስኤል የሚባለው፣ የተሻለው ዓይነት እስከ 24 ሜጋ ቢት ይደርሳል ቢባልም፣ ያንን የሚያገኘው ለስልክ ማዕከሉ ቅርብ የሆነ ቤት ነው፤ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። አሮጌ የመዳብ መስመር ያላችሁ ወደ ፋይበር መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ሞደሙን በማስጠገን ገንዘብ አትጨርሱ።

ወደ ፋይበሩ ልምጣ። ሰው ስለ ፍጥነት ሲከራከር እኔ የማየው የገባበትን መንገድ ነው። ከማዕከሉ የሚወጣው አንድ ክር ብርሃኑን ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍላል። በ32 ሲካፈል ብቻ ከብርሃኑ 17 ዴሲቤል (የብርሃኑ ጉልበት የሚለካበት ነው) ገደማ ይቀንሳል። የቀረችው ብርሃን ናት ምሰሶ ለምሰሶ ተንጠልጥላ፣ ግድግዳ በስታ፣ እናንተ ሳሎን የምትገባው። ስለዚህ መጨረሻዋ 50 ሜትር ላይ የሚሠራ ስንፍና ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። ሰፈራችን አንድ ቤት ክሩን በበሩ መቃን ጥግ ላይ ቆልምመው በሚስማር መቱት። በሩ በተዘጋ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ ሲከፈት ይመጣል። ባለቤቶቹ ሞደም ሊቀይሩ ነበር። ክሩን ከመቃኑ አላቅቀን ሰፋ አድርገን ስንጠመዝዘው የሞደሙ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

ቴክኒሻኑ ሲመጣ አጠገቡ ቁሙ። ክሩን ልጦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ በመቁረጫው ከቆረጠ በኋላ ጫፉ ላይ የሚያስገባው ማያያዣ አረንጓዴ መሆን አለበት። ሰማያዊም አለ፤ መልኩ አንድ ነው፣ ይገባል። ግን የአረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ዘመም ተደርጎ የተቆረጠ፣ የሰማያዊው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ፊት ለፊት አይገጥሙም፤ ብርሃን ይባክናል። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ማያያዣ ደግሞ ክሩን አጥብቆ አይዝም። በድሬ ሙቀትና አቧራ ላላ ብሎ ከጥቂት ወር በኋላ የሞደሙ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

ከዚያ የብርሃን መለኪያውን ያውጣ። እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ስንት አነበበልህ?» ከሲቀነስ 15 እስከ ሲቀነስ 24 ካለ ሰላም ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ደክሟል ማለት ነው። ሲቀነስ 27 አካባቢ ከሆነ ሞደሙ ሊያነብ የሚችለው ጫፍ ላይ ናችሁ፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ትንሽ አቧራ ከገባ ይቆማል። «ይሠራል እኮ ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ መጥቷል» ቢላችሁም እንዲያስተካክለው በትሕትና ለምኑት። ቁጥሩን ሞደሙ ሥር በእስክሪብቶ ጻፉት። በኋላ ብልሽት ስታመለክቱ «ሲገባ 21 ነበር፣ አሁን 28 ሆኗል» ማለት «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ከማለት እጅግ ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ክሩ መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ጭነት ከጫነ ኤፍ ኤስ አር በላይ እንዲሰቀል አድርጉ። የባጃጅ ከፍታ ታይቶ የተሰቀለ መስመር የመጀመሪያው የሽንኩርት ጭነት ይዞት ይሄዳል። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የድንጋይ ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ዋይፋይ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አያልፍም፤ ፋይበር ቢገባም ጓዳ ድረስ አይደርስም። ለዚህ ውድ ራውተር አትግዙ። የኔትወርክ ኬብል ዘርግታችሁ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ዋይፋይ ስቀሉ። ኬብሉን ስትገዙ የአንዱን ክር ጫፍ በቢላዋ ፋቁ፤ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ተዉት።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው፣ መብራት። ፋይበርን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚያልፍበት። ማዕከሉ የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሲሆን የቤታችሁ ሞደም 12 ቮልት ካገኘ ኢንተርኔት አላችሁ። ገመድ አልባው ራውተር ግን የእናንተን ባትሪ ብቻ ሳይሆን የማማውንም ባትሪ ይጠብቃል።

መፍትሔው ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ሞደሙን የሚያቆይ ትንሽ የባትሪ ሳጥን፣ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚያቃጥለው። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላይ መልካቸው አንድ፣ ዋጋቸው እጥፍ የሚለያይ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ላዩ ላይ 8,800 ሚሊ አምፒር ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ያ ቁጥር በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ ወደ 32 ዋት ሰዓት ይመጣል። ሞደሙ 6 ዋት ከበላ፣ በመሐል የሚባክነው ተቀንሶ፣ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሊያቆይ ይገባዋል። አንድ ዘመዴ የገዛው ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። ስንከፍተው አራት ባትሪ ይኖራል በተባለበት ቦታ አንድ ባትሪ፣ ከጎኑ ደግሞ ክብደት እንዲሰጥ በላስቲክ የታሰረ አሸዋ አገኘን። ሻጩ ዕቃውን ከፍታችሁታል ብሎ አልመልስም አለ።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው እንዲህ ነው። የአንድ ክብ ባትሪ ክብደት 45 ግራም ያህል ነው፤ አራቱ 180። ሙሉው ሳጥን ቅመም ሻጭ ሚዛን ላይ ወጥቶ ከ200 ግራም በታች ከሆነ አራት ባትሪ የለውም። አሸዋው ሚዛኑን ስለሚያሳስት ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ የሚንሿሿ ድምፅ ካለ መልሱት። ሻጩ አንድ ሰዓት እዚያው ሱቅ ውስጥ አምፖል ወይም ራውተር ላይ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የሚተማመን ሻጭ እምቢ አይልም፤ እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ሻጭ 500 ብር አስበልጬ ብከፍል አይቆጨኝም። ቤት ስታስገቡት ቴሌቪዥኑ ጀርባ አትሸጉጡት። በእኛ ሙቀት የተዘጋ ቦታ ያለ ባትሪ ቶሎ ያብጣል።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ሰው «እነሱ በአንድ ክር ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም ኢንተርኔቱንም ያገኛሉ» ይለኛል። የሚሉት ፋዮስን፣ ቬራይዘን የሚባለውን የአሜሪካ ኩባንያ የፋይበር አገልግሎት ነው። በፈረንጆች 2004 ኬለር በምትባል የቴክሳስ ከተማ ተጀመረ፤ ቴሌቪዥኑም በ2005 እዚያው ተከተለ። ግን እያንዳንዱ ደጃፍ ድረስ ክር መዘርጋት ከባድ ወጪ ነው። በ2010 አካባቢ ኩባንያው ወደ አዳዲስ ከተሞች መስፋፋቱን አቆመ። በ2016 ደግሞ የካሊፎርኒያ፣ የቴክሳስና የፍሎሪዳ መስመሮቹን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ፍሮንቲየር ለሚባል ሌላ ኩባንያ ሸጠ፤ የመጀመሪያዋ ኬለርም አብራ ሄደች። በ2024 ያንኑ ፍሮንቲየርን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። በነዚህ ዓመታት የቴሌቪዥን ጥቅሉን የሚተው ደንበኛ እየበዛ ሲሄድ ክሩ ግን ዋጋው አልቀነሰም። መብራትን በተመለከተም ፋዮስ ያኔ ከግድግዳው ሳጥን ጋር 12 ቮልት ባትሪ ይሰጥ ነበር፤ ባትሪው የሚያቆየው ስልኩን ብቻ ነው፣ ኢንተርኔቱና ቴሌቪዥኑ ከመብራቱ ጋር ይጠፋሉ። በሚኒ ዩፒኤስ እኛ ኢንተርኔቱን ራሱን እናቆያለን።

ስለዚህ ቴሌቪዥንን ከኢንተርኔት ለይታችሁ ግዙ። ለአገር ቤት ጣቢያዎች ዲሽ ስቀሉ፤ አንዴ ከተሰቀለ የወር ክፍያ የለውም። ኢትዮሳት፣ የአገር ቤት ጣቢያዎቹ የሚተላለፉበት፣ ያለበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከድሬ ሲታይ ሰሐኑ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ናይልሳትን የሚያየው ሰሐን ደግሞ ወደ ምዕራብ ዝቅ ይላል። ጫኚው አንዱን ሰሐን ለሁለቱም እጠቀማለሁ ካላችሁ አትስሙት፤ ሁለት ሰሐን ነው የሚያስፈልገው። ኳስ ለሚያይ ቤት ዲኤስቲቪ አለ፤ ክፍያው በየወሩ ስለሆነ ሊጉ በሚቆምባቸው የክረምት ወራት ዝቅ ያለውን ጥቅል ያዙ።

የማልመክረው የዓመት «ሰርቨር»፣ የክፍያ ጣቢያዎችን በሕገ ወጥ መንገድ የሚከፍተውን፣ ነው። አክስቴ ለአንድ ዓመት ከፍላ ሁለተኛው ወር ላይ ሁሉም ጣቢያ ጠቆረ፤ የሸጠላት ልጅ ስልክ አያነሳም። ርካሽ መስሎ በወር ሲካፈል ከሕጋዊው የበለጠ አስከፈላት። አንድሮይድ ቦክስም «8 ኬ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትግዙ። ሻጩ ፊት ዩቲዩብ አስከፍቱ፣ ቪዲዮውን 1080 ላይ አድርጉ፣ አሥር ደቂቃ ይጫወት፤ ቦክሱን በእጃችሁ ንኩ። የሚፋጅ ከሆነ ድሬ ውስጥ ክረምትና በጋ አይዘልቅም።

ለማን ነው ታዲያ ራውተር የምመክረው? ተከራይ ለሆነና አከራዩ ግድግዳ ማስበሳት ለማይፈቅድለት፣ ለተማሪ፣ የማከፋፈያ ሳጥን ገና ላልደረሰበት አዲስ ሰፈር። እሱንም ስትገዙ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ለሌላ አገር ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ «ይከፈታል» ቢል እዚያው ይክፈተውና ከሠራ በኋላ ክፈሉ። ባትሪ ያለውን ትንሹን ዋይፋይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ምረጡ፤ ከዚያ ለሞደሙ የምትገዙት ሚኒ ዩፒኤስ ለእሱም ይሆናል፣ ቮልቱ 12 መሆኑን ከጀርባው አንብቡ። ነገ ፋይበር ሲገባላችሁም ዩፒኤሱ ከእናንተ ጋር ይቀጥላል።