ከሃያ ሁለት ወር እርሻ በኋላ፦ ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25ን አስቀድሞ ማዘዝ ይገባልን?

ፋርሚንግ ሲሙሌተር 22 የተባለውን የእርሻ የኮምፒውተር ጨዋታ ያገኘሁት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህን እስከምጽፍበት እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ ሥራ ካልበዛብኝ በቀር፣ ማታ ማታ ከእርሻዬ ተለይቼ አላውቅም፤ ጨዋታውን የገዛሁበት የኢንተርኔት መደብር፣ ስቲም፣ የመዘገበልኝ የጨዋታ ጊዜም ከ600 ሰዓት አልፏል። ተከታዩ ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25 በመጪው ኅዳር 3 ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 12 ቀን 2024፣ ይወጣል፤ ከአሁኑ ከፍሎ ማዘዝም ይቻላል። እኔ ማዘዝ አለማዘዜን የወሰንኩት በቀድሞው ጨዋታ ያሳለፍኳቸውን ወራት መርምሬ ነው፤ እዚህ አገር ሆነው ይህንኑ ጥያቄ ለሚያብሰለስሉ ሰዎች ይረዳል ብዬ ስለማምን ዝርዝሩን አስፍሬዋለሁ።

የምኖረው አዳማ ነው፤ የምተዳደረውም በትራክተርና በኮምባይነር መለዋወጫ ሥራ ነው። ከአርሲ የሚመጡ የስንዴ ገበሬዎችና ኦፕሬተሮች በሱቃችን ሲመላለሱ ይውላሉ፤ ንግግራችን ሁሉ ስለ ቺንጋ፣ ስለ ኩሽኔታ፣ ስለ ፊልትሮና ስለ ማጨጃ ምላጭ ነው። ስለዚህ ይህን ጨዋታ የምመዝነው ቀን የምነካካውን ብረት ማታ በስክሪን ላይ እንደሚያይ ሰው ነው።

የጨዋታው ትልቁ ሀብት፣ በእኔ ግምት፣ የማሽኖቹ ብዛት ሳይሆን የጊዜ አያያዙ ነው። የስዊዘርላንዱ ጂያንትስ ሶፍትዌር የዓመቱን ወቅቶች ከመሠረቱ የጨዋታው አካል ያደረጋቸው በዚህ እትም ነው፤ እያንዳንዱ ሰብል የሚዘራበትና የሚሰበሰብበት ወር የተወሰነ ሲሆን ያ ወር ካመለጠ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ግድ ይላል። አንድ ወር በአንድ የጨዋታ ቀን እንዲያልፍ ተደርጎ ቢመጣም፣ ቀኖቹን መጨመር ስለሚቻል እኔ ሦስት አድርጌዋለሁ፤ ማረስ፣ መከስከስና መዝራት ሳይጣደፉ ሊጠናቀቁ የቻሉትም ከዚያ ወዲህ ነው። የእህሉ ዋጋም ከወር ወር ይለያያል። በአዝመራ ወቅት ወርዶ የነበረው የስንዴ ዋጋ ጎተራ ውስጥ ለጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ሲወጣ ማየት፣ ለአዳማ የእህል ነጋዴ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ አንድ ጨዋታ ይህን ያህል በቁም ነገር ሲይዘው ያስደስታል። የመጀመሪያውን ዓመት ምርቴን በሙሉ እንደታጨደ ሸጬ ለባንክ ዕዳ ከከፈልኩ በኋላ ለዘር የሚሆን ገንዘብ አጥቼ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ግማሹን አስቀምጬ ዕዳውንም ዘሩንም ቻልኩት።

አፈሩም እንዲሁ ዝም ብሎ የሚያበቅል ሜዳ አይደለም። ሦስት ጊዜ ከታጨደ በኋላ ማሳው ኖራ ይፈልጋል፤ ኖራ ካልተበተነለት ምርቱ ይቀንሳል። በብዙ ደጋማ አካባቢዎቻችን የአፈር አሲዳማነት ምን ያህል ምርት እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በነፃ የተሰጠው የፕሪሲዥን ፋርሚንግ ተጨማሪ ክፍል ደግሞ የአፈር ናሙና ወስዶ የአሲድ መጠኑንና የናይትሮጅኑን ልክ በካርታ ላይ ያሳያል፤ ማዳበሪያውም በየቦታው እንደ አፈሩ ዓይነት ተመጥኖ ይጨመራል። ይህን ክፍል ከጫንኩ በኋላ ቀድሞ የምጫወተው ጨዋታ ግማሽ ብቻ እንደነበረ ተሰማኝ። አሁን ያለውን ጨዋታ ይዞ ገና ያልጫነው ሰው ካለ፣ ስለ አዲሱ እትም ከማሰቡ በፊት ይህን ይሞክር።

ባለፈው ዓመት አንድ የአሰላ ሰው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸውና ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮምባይነር የነዱ ኦፕሬተር፣ ዕቃ ፈልገው መጥተው መሽቶባቸው ቤታችን አደሩ፤ ጨዋታውንም አሳየኋቸው። ማሽኑ የማሳውን ጠርዝ ይዞ ሲዞር፣ ጭነቱ ሲሞላና ጋሪው በጎን ተጠግቶ ሲቀበል በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ አዟዟሩስ ልክ ነው፤ ግን የከበሮውን ፍጥነትና የነፋሱን ልክ የምታስተካክለው ከየት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማስተካከያው እንደሌለ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ፍሬው ከገለባው ጋር ሲወጣ በምን ታውቃለህ?» አሉ። ልክ ነበሩ። የኦፕሬተር ብልሃት የሚለካው ስንት ኩንታል መሬት ላይ ሳይፈስ ወደ ታንከር ገባ በሚለው ነው፤ የኪራይ ሒሳቡም በኩንታል ስለሆነ ገበሬው ይህን በዓይኑ ይከታተላል። ጨዋታው ያንን የሙያውን ልብ አይነካውም። በተከታዩ እትም ከምመኛቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነበር፤ ይፋ ከተደረጉት አዳዲስ ነገሮች መካከል ግን አላየሁትም።

የወቅቶቹ አቆጣጠርም እንደ አውሮፓ ነው። ስንዴ በመስከረምና በጥቅምት ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይታጨዳል፤ የአርሲ ገበሬ ግን በሰኔና በሐምሌ ዘርቶ ከኅዳር ጀምሮ ያጭዳል። ጤፍ የለም። ማሽላ ከወይንና ከወይራ ጋር በዚህ እትም መጨመሩ ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያውን የማሽላ ማሳዬን ሳጭድ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ስለ ኮምፒውተሬ ብዙ የምለው የለም። ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ 22ኛውን እትም በመካከለኛ የምስል ጥራት ያለ ችግር ያሠራዋል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስለሚይዘኝ፣ ጨዋታውንም በየጊዜው ራሱ እንዲያስቀምጥ ስላደረግሁት፣ በእነዚህ ወራት የጠፋብኝ ሥራ ከአንድ ማሳ እርሻ አይበልጥም።

አዲሱ እትም ያጓጓኛል። ጎማ የረገጠው መሬት ዱካ እንዲይዝ ተደርጓል፤ ትራክተሩን ቀጥ ባለ መስመር የሚመራ ጂፒኤስ ገብቷል፤ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ የሚተከል ሩዝ፣ ፍየልና ጎሽ ተጨምረዋል። ለፎገራ ሰው የሩዙ ማሳ ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን ይታየኛል። እርሻው ከሚካሄድባቸው ከሦስቱ ካርታዎች አንዱም የምሥራቅ እስያን ገጠር ያሳያል። ይሁን እንጂ ቅድመ ትዕዛዝ ከእነዚህ አንዱንም አይጨምርም፤ ጨዋታውን ኅዳር 3 ቀን የሚገዛም ሰው ሁሉንም ያገኛቸዋል። አስቀድሞ ለሚያዝዝ ሰው የሚሰጠው ስጦታ የካናዳው ማክዶን ኩባንያ የአጨዳ መሣሪያዎች ጥቅል ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ጨዋታ ደግሞ እንደ ዘር ወይም እንደ መለዋወጫ ከመደብር አያልቅም። ስለዚህ ጥያቄው ለጥቂት ማጨጃዎች ሲባል ሳያዩ መክፈል ተገቢ ነው ወይ ወደሚለው ይወርዳል።

በሌላ አገር ላለ ሰው መልሱ ያን ያህል አይከብድም። በስቲም ደንብ መሠረት አስቀድሞ የታዘዘ ጨዋታ ከመውጣቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል፤ ከወጣ በኋላም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ እስካልተጫወቱት ድረስ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል። እኛ ዘንድ ግን ብዙዎቻችን በራሳችን የባንክ ካርድ አንከፍልም። ለእኔ የምትገዛልኝ ውጭ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ብሩን እዚህ ለእናቷ እሰጣለሁ። በስጦታ የተላከ ጨዋታ ሲመለስ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ገዢው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎችን ማስቸገርና ሒሳብ እንደገና ማወራረድ ይከተላል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ ሌላ የሲሙሌሽን ጨዋታ አስቀድሜ አዝዤ በዚሁ መንገድ ተጎድቻለሁ። ከወጣበት ቀን ጀምሮ በነበረኝ ኢንተርኔት አውርጄ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ከፍቼው እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ የምስል ጥራቱን ዝቅ በማድረግና እንደገና በመክፈት ሁለቱ ሰዓት አለቀ፤ ለማስመለስ ስጠይቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተጻፈው ግን በአንድ ማታ አውርዶ ለሚጨርስ ሰው ነው። ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25 ቢያንስ የ45 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ የቀድሞው እትም የሚፈልገው 35 ነበር። ዝቅተኛው ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ የሚመከረው ደግሞ አርቲኤክስ 2060 ስለሆነ የእኔ ላፕቶፕ በሁለቱ መካከል ወድቋል። ጨዋታው እንደሚከፈት አምናለሁ፤ ስምንት ማሽን በአንድ ማሳ ላይ ሲሠራ እንዴት እንደሚሆን ግን የሚታወቀው ሌሎች ሲሞክሩት ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከእኔ የተለየ ሐሳብ አለው፤ መከራከሪያው ጠንካራ ስለሆነ በቀላሉ አላለፍኩትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። «ዛሬ ካልገዛን ነገ ይብሳል፤ የምትጠብቀውን ቅናሽ ምንዛሪው ይበላዋል» ይለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብለን አሰላነው። ጨዋታው 50 ዶላር ገደማ ነው፤ ዶላሩን በ120 ብር ብንይዘው 6,000 ብር ይሆናል። ከወራት በኋላ በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስ 33 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ያ ቅናሽ ምንም ሳይጠቅመን እንዲቀር ዶላሩ እስከ 180 ብር መውጣት አለበት። ይህ ሊሆን አይችልም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በዚህ ስሌት እንኳ መጠበቅ ቢበዛ እኩል ያወጣናል እንጂ አይጎዳንም፤ አስቀድሞ መግዛት ግን ላፕቶፑ ካልቻለው ስድስት ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ያስቀራል።

መጠበቅን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት የዚህ ጨዋታ የራሱ ታሪክ ነው። እነዚህ እትሞች በሦስት ዓመት አንዴ ይወጣሉ፤ 2018፣ 2021፣ አሁን ደግሞ 2024 እ.ኤ.አ.። 22ኛው እትም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ የቮልቮ ማሽኖችንና የደን ሥራን ያካተተው የፕላቲነም እትም መጣ፤ በሌላ አንድ ዓመት ደግሞ ካሮትና ቀይ ሥር የጨመረው የፕሪሚየም እትም ተከተለ። የዘገየ ሰው የተሟላውን አገኘ። ከዚህም በላይ፣ ለ22ኛው የተሠሩ ሞዶች፣ ማለትም ተጫዋቾች ሠርተው የሚጨምሯቸው ማሽኖችና ማሻሻያዎች፣ በ25ኛው ላይ እንዳሉ አይሠሩም፤ እንደገና መቀየር አለባቸው፤ የተቀመጠ እርሻም አይሻገርም። እኔ በየቀኑ የምጠቀምባቸው አሥራ አንድ ሞዶች አሉ። አስቀድሜ ባዝዝ ኅዳር 3 ቀን የምከፍተው ጨዋታ ከለመድኩት ይልቅ ባዶ የሆነ እርሻ ይሆናል።

የሌሎች ሲሙሌሽን ጨዋታዎች ተከታዮችም ጥንቃቄን ያስተምራሉ። የከተማ ግንባታ ጨዋታው ሲቲስ ስካይላይንስ 2 በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከመውጣቱ በፊት ሠሪዎቹ ራሳቸው የፈለጉት የአሠራር ፍጥነት ላይ እንዳልደረሱ በይፋ ተናግረው ነበር። አስቀድሞ ያዘዘ ሰው ያንን የሰማው ከከፈለ በኋላ ነው። ስለ ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25 እንዲህ ያለ ነገር አልተባለም፤ እኔም ክፉ አልገምትም። መጥፎ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ሳይሆን፣ እጄ ላይ ያለው ገና ስላላለቀልኝ ነው የማልቸኩለው። የአልፕስ ተራራውን ካርታ ገና አልጀመርኩትም፤ የወይን ተክል ደግሞ ተክዬ አላውቅም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ አሁን እንዳትገዛ መልእክት ልኬላታለሁ። ከኅዳር በኋላ የእኔን የመሰለ ካርድ ያላቸው ሰዎች የሚሉትን እከታተላለሁ፤ ከሞዶቼም ቢያንስ የኖራ መበተኛውና የእህል ማጓጓዣው ለአዲሱ እትም እስኪዘጋጁ እጠብቃለሁ። ከወንድሜ ጋር የተስማማነው ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ 500 ብር ለማስቀመጥ ነው፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ 4,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ስቲም በሰኔ መጨረሻ በሚያደርገው ቅናሽ ዋጋው በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስና ዶላሩ 120 ብር ላይ ቢቆይ የሚበቃ ነው። የመጀመሪያውን አምስት መቶ ብር ትናንት እሱ አስቀምጧል።