ሌበርኬዜ ወይስ ቫይስቩርስት? ምሳ በሙኒክ ሥጋ ቤት

ሙኒክ ውስጥ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ሰፈሩ ሥጋ ቤት ጎራ ማለት ከብዙ ሬስቶራንት ይሻላል። ከጥሬ ሥጋው ባንኮኒ አጠገብ ትኩስ ምግብም ይሸጣል። ምርጫው ብዙ ቢሆንም ከተማዋን የሚገልጹት ሁለት ናቸው፤ ሌበርኬዜና ቫይስቩርስት።

ሌበርኬዜ በደንብ ደቅቆ የተፈጨ የበሬና የአሳማ ሥጋ ነው። እንደ ዳቦ በቅርጽ ውስጥ ሆኖ ይጋገራል። ሻጯ ከማሞቂያው አውጥታ ወፈር አድርጋ ትቆርጠውና ክብ ዳቦ መሃል ታስገባዋለች። «ከዳሩ ይሁንልኝ» በሏት፤ ጣዕሙ ያለው ቡናማው ቅርፊት ላይ ነው። ሰናፍጭ ጨምራ በወረቀት ትጠቀልለዋለች። ቆማችሁም ሆነ እየሄዳችሁ ትበሉታላችሁ።

ቫይስቩርስት ደግሞ ከጥጃ ሥጋና ከአሳማ ጮማ የሚሠራ፣ ፐርሰሜሎ የገባበት ነጭ ቋሊማ ነው። የሚሞቀው በጋለ ውሃ ነው። ውሃው ከፈላ ቆዳው ይፈነዳል። ቆዳው ይላጥና በጣፋጭ ሰናፍጭና ብሬትሰል በሚባለው የተጠማዘዘ ዳቦ ይበላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው፤ በጥንቱ ልማድ ከቀትር በፊት መበላት አለበት። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ቶሎ ይበላሽ ነበርና። ዛሬም ብዙዎች ቁርስ ላይ ነው የሚበሉት።

ስለዚህ ለምሳ ያለ ምንም ማመንታት ሌበርኬዜ እላለሁ። ቫይስቩርስትን ለእረፍት ቀን ረፋድ አቆዩት፤ ተቀምጦ መበላት ያለበት ምግብ ነው።

አሳማ የማትበሉ ከሆነ ሁለቱም በተለመደው አሠራራቸው አይሆኗችሁም። በተርኪ ሥጋ የተሠራ ሌበርኬዜ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ያም ቢሆን የአሳማ ጮማ እንዳልገባበት ሳትጠይቁ አትዘዙ።