ሦስት ቤት ዞሮ ያልዳነውን ኮምፒውተር ላነሳልን ባለሙያ ምስጋና

መገናኛ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ወጣት ቴክኒሻን በአደባባይ ምስጋና ይድረሰው። እጁን ቁርጥማት አይንካው! ስሙ በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቀን፣ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁ።

ዕቃው የሒሳብ ክፍላችን ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ የፒችትሪው (የሒሳብ ፕሮግራሙ) ዳታ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ችግሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ፣ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ነው (ጊዜ ሲመርጥ!)። ሲበራ “ሰዓቱ አልተሞላም፣ ሴትአፕ ግቡ” ይላል፤ ኤፍ1 ሲጫኑት ይቀጥላል። ቀኑ ግን ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ባንክም ኢሜይልም “ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም” እያሉ አይከፈቱም።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት “ማዘርቦርዱ ሄዷል” አለ። ሁለተኛው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መቼት መለሰና በኤፍ1 ይነሳ የነበረውን ኮምፒውተር ጭራሽ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተክሎ ሰጠን፦ “ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ” (የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ማለቱ ነው)። ሦስተኛው ደግሞ ያንን አይቶ “ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ፣ ዳታውን እርሱት” አለ፤ ቅድሚያ ክፍያም ጠየቀ። ስማቸውን አናነሳም። ግን የሞተ ዲስክ ፎርማት ተደርጎ ምን ይሆናል? ይህን የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ባልተመላለስን።

ይህ ልጅ ብሎን መፍቻ ሳይነካ መጀመሪያ የጠየቀው “ሰኞ ሰኞ ነው የሚብስበት?” ብሎ ነው። ልክ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሰዓቱን የምትይዘው የሳንቲም ባትሪ የምትሠራው ዕቃው ከሶኬት ሲለያይ ብቻ ነው፤ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ሰዓቱን የሚይዘው ከፓወር ሳፕላይ የሚመጣው ኃይል ነው። እኛ ማታ ማታ ዲቫይደሩን እናጠፋለን፤ ቅዳሜና እሁድን ጨምሩበት። የደከመች ባትሪ ሌሊቱን እንደምንም ትይዛለች፣ ሁለት ቀን ግን አትችልም።

ከፍቶ በመልቲሜትር ለካት፤ 2.1 ቮልት። አዲሷ 3.2 አነበበች። ሲአር2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ ራሱ ልኳ ነው፣ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ይገባል። ሲአር2025 ቀጭን ስለሆነች በደንብ አትነካም፤ “ያው ናት” ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ።

ሰማያዊው ስክሪን ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሁለተኛው ቤት የጨመረልን። ልጁ ዲስኩን ነቅሎ በዩኤስቢ ገመድ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካና የፒችትሪውን ፎልደር ከፍቶ አሳየን። ሞተ የተባለው ዲስክ! መጀመሪያ ዳታውን ኮፒ አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባዮስ የገባው። ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ይህን ሌላ ቦታ ሲደረግ አላየንም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዴል ከፋብሪካ ሲወጣ የዲስኩ ሁነታ (ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ)፣ ባዮሱ ውስጥ “ሳታ ኦፕሬሽን” የሚለው፣ ብዙ ጊዜ “ሬይድ ኦን” ላይ ነው። የኛ ዊንዶውስ ግን ከተገዛ በኋላ በ“ኤኤችሲአይ” ነው የተጫነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጭነው የለመደውን የዲስክ ድራይቨር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቤት ወደ ፋብሪካው መቼት ሲመልሰው ሁነታው ተቀየረበትና የገዛ ዲስኩን አጣው። ኤፍ2፣ ሳታ ኦፕሬሽን፣ ኤኤችሲአይ፣ ሴቭ፤ ተነሳ። በቃ ይኸው ነው። ቡት ሁነታውም ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የአነሳስ ዘዴ) ላይ መሆኑን አረጋገጠ፤ ዲስኩ ጂፒቲ (ለዩኢኤፍአይ የተዘጋጀ አከፋፈል) ሆኖ ባዮሱ ሌጋሲ (የድሮው ዘዴ) ላይ ቢገኝ “ቡት ዲቫይስ አልተገኘም” ነበር የሚለው፤ እሱም ሌላ “የሞተ ዲስክ” ይባል ነበር።

ራሳችሁ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ከሱ የሰማነውን ልንገራችሁ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ያለበት ማሽን ላይ ሰኪዩር ቡትንና ቲፒኤምን የመሰሉ የደህንነት መቼቶች ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አሃዙ የመክፈቻ ቁልፍ እጃችሁ ላይ ይሁን። ባትሪ ስትነቅሉ የኃይል ገመዱም ይነቀል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ትልቁ ባትሪም። “ባዮሱን አፕዴት እናድርገው” የሚል ካለ ዩፒኤስ አለህ ወይ በሉት፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ቀላሉ ችግር የእውነት የማዘርቦርድ ችግር ይሆናል። ያኔ ባዮሱ የተጻፈባትን ባለ ስምንት እግር ቺፕ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ እንደገና መጻፍ ይመጣል። እሱንም ይሠራል፤ ግን የነበረውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ሁለቱ ንባብ አንድ መሆኑን አስተያይቶ፣ አስቀምጦ ነው የሚጀምረው፤ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥርና ከፋብሪካ የመጣው የዊንዶውስ ቁልፍ ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ስላለ። ቺፗ የ1.8 ቮልት ከሆነች ደግሞ 3.3 ቢሰጧት ልትቃጠል ትችላለች።

የተቀበለን የባትሪውንና የእጁን ብቻ ነው። ማዘርቦርድ ቀየርኩ ቢለንም እናምነው ነበር እኮ! ሲጨርስ በቁራጭ ወረቀት ላይ “ኤኤችሲአይ፣ ዩኢኤፍአይ፣ ባትሪ የተቀየረበት ቀን” ብሎ ጽፎ ክዳኑ ውስጥ ለጠፈው። “ቀጣዩ የሚከፍተው እኔ ላልሆን እችላለሁ” አለ።

ኮምፒውተራችሁ አልነሳም ካለ፣ በተለይ “ማዘርቦርዱ ሄዷል” ወይም “ፎርማት” ከተባላችሁ፣ ብር ሳትከፍሉ መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት። ሼር አድርጉት፣ ለሌላውም ይድረስ። ስትሄዱ ሲስተም ዩኒቱ ይበቃል፤ ሞኒተርና ኪቦርድ እሱ ጋ አለ።