ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ መኪና ላላችሁ፦ ዓለም ገና ሂዱ!

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ሞተሩ ዘይት እያንጠባጠበ ያስቸገራችሁ ሰዎች፣ ይህን ጽሁፍ አትለፉት። እኔ ስንገላታ የሚጠቁመኝ ሰው አጥቼ ነው የከረምኩት።

መኪናው የአባቴ ነው። ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው የሚገለጥ። በወጣትነቱ አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ላይ ነው የገዛው። ስለ መኪናው ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ቅርጹን ያወጣለት የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ እንደታየ፣ ሞተሩን የነደፈው ላምፕሬዲ ቀድሞ ፌራሪ ቤት ይሠራ እንደነበር፤ እኛ ልጆቹ ይህን ሁሉ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን ይዘነዋል። እናቴን መጀመሪያ ቢሾፍቱ የወሰዳት በዚሁ መኪና ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ የምታነሳው ንፋሱ ፀጉሯን እንዳበላሸባት ነው።

አሁን አባቴ ዕድሜው ስለገፋ አይነዳም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አስነስቼ ዞር ዞር አደርገዋለሁ፣ እሱ ጎኔ ይቀመጣል። ዘይቱ ነው ያማረረን። በቆመበት ሁሉ ጥቁር ኩሬ ይሠራል። የግቢያችን ጥበቃ ካርቶን ማንጠፍ ሰልችቶት ሰላምታ ነሳኝ። ትንሽ ሲነዳ ደግሞ ከኮፋኖው ሥር ጭስ ይወጣል። አንዴ መስቀል አደባባይ መብራት ይዞኝ፣ አንድ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው «እህት፣ መኪናሽ እየተቃጠለ ነው!» ብሎ ሲጮህ የገባሁበት ጠፍቶኝ ነበር።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው። አንዱ ሲሊኮን ለቅልቆ ሸኘኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ። ሌላው «ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ጋስኬት በሙሉ መቀየር አለበት» ብሎ ፈታትቶ ወራት አስቀመጠው። ስደውል «ነገ»፣ ስሄድ «አለቃው የለም»። በመጨረሻ ስረከበው ዘይቱ እንደ ቀድሞው ይፈሳል፣ አባቴ ከመኪናው ጋር የተረከበው ኦሪጅናል ክሪክ ግን የለም። ብጠይቅ «የምን ክሪክ?» ብለው ሳቁብኝ። (ለአባቴ እስካሁን አልነገርኩትም። ፌስቡክ ስለማይከፍት ነው እንዲህ በድፍረት የምጽፈው። የ124 ክሪክ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።) ሌላኛው ደግሞ «እህቴ፣ ይሄን ሞተር ጣይውና የቶዮታ እንግጠምበት» አለኝ። አባቴ ፊት! የዚያን ቀን እራት አልበላም።

እንደው ሴት ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ አንዳቸውም ቆመው ሊያስረዱኝ አልፈለጉም። ብሩን ሲቀበሉ ግን ሴትነቴ አላስቸገራቸውም።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ባለ ቮልስ ዓለም ገና ያሉትን መካኒክ፣ ጋሼ የምላቸውን፣ ጠቆመኝ። ጋራዣቸው በሰበታ መንገድ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ታፔላ የለውም፣ የቆርቆሮ በር ብቻ። በሩን ሳየው «እዚህም ደግሞ» ብዬ ልቤ ወረደ።

ጋሼ ኮፋኖውን ከፈቱ። ኪያቤ (መፍቻ) አላነሱም። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «መጀመሪያ ይታጠብ» አሉ። ረዳታቸው ሞተሩን በናፍታ አጥቦ አደረቀው። ከዚያ ምን ቢያመጡ ጥሩ ነው? የሕፃን ፓውደር! ሞተሩ ላይ ነሰነሱበት፣ ነጭ በነጭ ሆነ። አባቴና እኔ ተያየን። «አሁን ትንሽ እንንዳው» አሉ፤ እስከ ሰበታ ደርሰን ተመለስን። ኮፋኖው ሲከፈት በነጩ ፓውደር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል። ከየት እንደጀመረ እኔም በዓይኔ አየሁ። «ታች የምታይው ዘይት ከላይ የወረደ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሌሎቹ ሲቀያይሩ የኖሩት ታቹን ነበር!

ደግሞ አንድ ቱቦ ነቅለው አሳዩኝ፣ ውስጡ በጥቁር ዝቃጭ ጥርቅም ብሏል። ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው አሉ። እሱ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን ባገኘው ክፍተት ይገፋዋል፤ አዲስ ጋስኬት ብታስገቢም አይበረክትም። የቀረውን ማብራሪያ አልዋሽም አልገባኝም። ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ግን ገብቶኛል፦ ጎማ ስለሆነ ዘይት ይበላዋል፣ ከተበጠሰ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አብሮ ተቀየረ። ዕቃውን ሚላኖ ያለችው የአክስቴ ልጅ ላከችልን። መኪናው እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ስለተመረተ እዚያ አሁንም ዕቃ አለው።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በሌላ ነገር ነው። ሥራው የተጀመረ ቀን አባቴ ካልሄድኩ ብሎ መጣ። ሌላው ጋራዥ ቢሆን «አባባ፣ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» ብለው ያርቁት ነበር። ጋሼ ግን በርጩማ ሞተሩ አጠገብ አስቀመጡለትና የእጅ ባትሪ ሰጡት። «አባባ፣ ያብሩልኝ። ይሄን መኪና ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።» አባቴ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አንድም ጊዜ «ያስተካክሉ» አላሉትም። ቡሎን በፈቱ ቁጥር መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል፣ እሱ በጨርቅ ጠርጎ በተራ ይደረድራል። ስለ ላምፕሬዲ ሲተርክላቸውም እንደ አዲስ ሰሙት፣ ጥያቄም ጠየቁት! እኔ ወጥቼ አለቀስኩ።

ዛሬ መኪናው የቆመበት ደረቅ ነው። ጥበቃውም ሰላም ይለኛል። ሒሳቡ ክሪኬን የበሉት ሰዎች ከወሰዱብኝ በጣም ያነሰ ነው፤ ቱቦውን ላጸዱበት ደግሞ «ይሄ ሥራ አይባልም» ብለው ሳይቀበሉኝ ቀሩ።

ፊያት፣ አልፋ፣ ቮልስ፣ ላዳ ያላችሁ፣ በእውነት ሂዱ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፣ ያለንን ብንይዝ ነው የሚሻለን። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለከለከሉኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ ስለማይቀበሉ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ወረፋ ይኖራል። ወረፋው ቢረዝምም ጠብቁ፣ ሌላ ቦታ አትሂዱ።