ቤት ለእንቦሳ ካሉን ስምንት ወር ሆነ፤ የእንጨትና ጭቃ ቤታችን እንዴት ከረመ?

የገባነው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤቱ እየመጣ «ቤት ለእንቦሳ!» ሲለን «እንቦሳ እሰሩ!» እያልን ሳምንቱን ጨረስነው። አሁን ጥር እያለቀ ነው። ቤቱ አንድ ሙሉ ክረምት አይቷል። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭም ችሏል። ስለዚህ ስለ ቤቱ አፌን ሞልቼ የምናገርበት ጊዜ ደርሷል።

ያለነው ደብረ ብርሃን ዳር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነውና ብርዱን የቀመሰው ያውቀዋል። ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው። ሳሎን፣ የእኛ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤትና የልጆቹ ክፍል አለው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ለምን በብሎኬት አልሠራህም ያሉኝ ብዙ ናቸው። አቅሜ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ያደግሁት ጭቃ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱን አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ብሎኬት ቤት ተከራይቼ ስኖር ሌሊት እግሬ ሞቆልኝ አያውቅም።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቤቱን ወድጄዋለሁ። ዛሬ ከባዶ ብጀምር አሁንም የምሠራው እንጨትና ጭቃ ነው። አንድ ነገር ግን አልደግምም፤ ለመግባት መቸኮል። ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱን ጊዜ ሰጥተን ሠራናቸው። አንዱን አጣደፍነው። ስምንት ወር ሙሉ መከራችንን ያሳየን ያ አንዱ ነው።

ከእንጨቱ ልጀምር። ባሕር ዛፉን ጥቅምት ላይ አስቆርጬ ወዲያው አስላጥኩት። ልጣጩ ሥር ነፍሳት ይገባሉ፣ እርጥበትም ይይዛል። ከዚያ መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ ደርድረን ጥላ ውስጥ ሁለት ወር አቆየነው። ሲደርቅ አንዳንዱ ተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ ተጣመመ። የተጣመመውን ለአጥር አደረግነው። ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ከሚጣመም ደጅ ላይ ተጣሞ ቢታይ ይሻላል። ታኅሣሥ ላይ ቋሚዎቹ ቆሙ፣ ማገሩ ተመታ።

የአራቱ ማዕዘን ቋሚዎች ጥድ ናቸው። የአባቴ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የወጡ ናቸው። አናጢው የአንዱን ጫፍ በመጋዝ ሲቆርጠው ውስጡ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ትናንት ከዱር የመጣ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ሰጋቱራውን በጨርቅ ቋጥራ ልብስ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ እስከ ዛሬ አለ።

የአባቴ ቤት ሲፈርስ ሌላም ነገር አየሁ። ባሕር ዛፎቹ የተበሉት መሬት ውስጥ በተቀበረው ጫፋቸው አልነበረም። ከመሬቱ ልክ ላይ፣ ልክ ቁርጭምጭሚት ጋ ነው። እዚያ ቦታ ላይ እርጥበትም አየርም ይገናኛሉ፤ እንጨት የሚበሰብሰው በዚያ ነው። ስለዚህ የእኛን የድንጋይ መሠረት ከመሬት 50 ሳንቲም ከፍ አደረግነው። የቋሚዎቹን ሥር ትኩስ ሬንጅ ቀብተን ድንጋዩ ውስጥ ተከልናቸው። ኅዳር ላይ ከአንዱ ቋሚ ሥር ጭቃውን ትንሽ ፈልፍዬ በቢላ ጫፍ ወጋሁት። ቢላው አልገባም። ያን ቀን ደስታዬን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

ጭቃው የደቦ ሥራ ነበር። ጥር አጋማሽ ላይ የሰፈሩ ሰው ወጣልን። ቆርቆሮው ቀድሞ ተመትቶ ነበር፤ ይሄ ቅደም ተከተል መሳት የለበትም፤ ክዳን የሌለው ግድግዳ አንድ ዝናብ ከመጣበት ሥራው ከንቱ ነው። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን ቀናት አቆየነው፤ በየቀኑ እየረገጥን ውሃ እየጨመርን። ጭዱ መሽተት ሲጀምርና ጭቃው እጅ ላይ ሲሳብ ያኔ ደረሰ ይባላል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው። ሲደርቅ ማገሩን ተከትሎ ይሰነጣጠቃል። ያ ጤና ነው፣ አትደንግጡ። ሁለተኛው ምርጊት ቀጠን ብሎ ስንጥቁን ይሞላዋል። ሦስተኛው እበትና አመድ የገባበት ልቅላቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእነዚህ ንብርብሮች መሃል መጠበቅ ያስፈልጋል። ላዩ ደርቆ ነጭ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱንና ማድ ቤቱን ከጥር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ሦስት ወር አቆየናቸው። የልጆቹ ክፍል ግን በኋላ የታሰበ ነው። የተመረገው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በልጉ ሲያካፋ። የኪራይ ውላችን ግንቦት 30 ያልቅ ነበር። የአንድ ወር ኪራይ ለመቆጠብ ብዬ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በሲሚንቶ ይለሰን አልኩ።

አናጢው አዛውንት ናቸው። ግድግዳውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ጭቃ ገና ውሃውን አልተፋም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ላዩ እኮ ደርቋል። ውሉም ሊያልቅብኝ ነው።»

«ላዩንማ ፀሐይ አየው። አንተ ውስጡን ጠይቀው።»

አልጠየቅሁትም። ተለሰነ። ተቀባ። ቆንጆ ሆነ። ልጆቹ ክፍላቸውን ሲያዩ ዘለሉ።

ሐምሌ ሲገባ ከአልጋው ጀርባ የሰፌድ ስፋት ያለው ጥቁር እድፍ ወጣ። ልስኑን ስቆረቁረው ድው ድው ይላል፤ ከጭቃው ለቋል ማለት ነው። ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ሲሚንቶውን ገፋው። ጭቃ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሰበሰብም። ነሐሴ ላይ የታላቁ ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ግድግዳው ጋ ተንጠልጥሎ ሻገተ። ትንሿ ማሳል ጀመረች። በዚያው ሳምንት ሁለቱንም ሳሎን አስተኛኋቸው። ለአንድ ወር ኪራይ ብዬ ልጆቼን እርጥብ ግድግዳ ሥር ማስተኛቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስቱ ክፍሎች ግን ተአምር ናቸው። ያው አፈር፣ ያው ጭድ፣ ያው እጅ። አንድ ስንጥቅ የለባቸውም ማለት ይቻላል። እነሱ ላይ ከውስጥ በኩል ሲሚንቶ አልነካም፤ እበት ተለቅልቀው ኖራ ተቀብተዋል። ከውጭ ዝናቡ የሚመታው ግድግዳ ብቻ ነው በዶሮ ሽቦ ተወጥሮ ሲሚንቶ የተለሰነው፤ እሱም ደርቆ ስለነበር ይዟል።

ግድግዳ መድረቁን ለማወቅ አሁን የምጠቀምበትን ዘዴ ለእናንተም ልስጣችሁ። ንጹህ ፌስታል ቀድዳችሁ አራቱንም ጠርዙን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ አየር እንዳይገባ። አሳድሩት። ጠዋት ፌስታሉ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ግድግዳው ገና ውሃ እየተፋ ነው። ሦስት አራት ቦታ ሞክሩ፣ በተለይ ከታች በኩልና ፀሐይ በማያየው ጎን። ወጪው አንድ ፌስታል ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ የጠበቅሁትን አግኝቻለሁ። ታኅሣሥ ላይ ባለቤቴ ባልዲ ውሃ ደጅ ረስታ አደረች። ጠዋት አናቱ ላይ ስስ በረዶ ይዞ አገኘነው። እኛ ቤት ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሰን ደህና አድረናል። የግድግዳው ውፍረት 20 ሳንቲም ያህል ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ ማታ ያን ሙቀት ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ያለውን የሳሎን ግድግዳ በመዳፋችሁ ብትነኩት ለብ ይላል። እናቴ ስትመጣ ጀርባዋን እዚያ ነው የምታስጠጋው።

ሙቀቱን የሚሰርቀው በሩ ነው። የበሩ ጣውላ በደንብ አልደረቀም ነበር። ሐምሌ ላይ አብጦ አልዘጋ ሲል በመላጊያ አስላግኩት። ኅዳር ላይ ተሰበሰበና በጎኑ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። ክረምት ላይ ያበጠ በር ከማስላግ በፊት እስከ መስከረም ታገሡ። አሁን ክፍተቱን በጨርቅ ደፍነነዋል። ክፍት በሆነ ጊዜ እንኳ ብርዱን በከሰል ለመመለስ አልሞከርንም። ኮርኒስ ያለው የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ መተኛት ይገድላል። ለቡና ስናስገባም መስኮት ከፍተን ነው፤ ከቡናው በኋላ ምድጃው ይወጣል።

ቆርቆሮው 30 ጌጅ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር አስታውሱ፤ 35 ርካሽ የሆነው ስስ ስለሆነ ነው። በረዶ ሲጥል ወሬ አያሰማም፤ ዝም ብለን እንጠብቀዋለን። ሌላው ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው በውርጩ ወራት ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ኮርኒሱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ዝናብ የለም። ክዳኑ ያፈስ መስሎኝ ወጥቼ ምስማሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ ትንፋሽና የማድ ቤቱ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ጤዛ ይሆናል፣ ሲሞቅ ይንጠባጠባል። የኮርኒሱ ችፑድ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ሠርቷል። በክዳኑ ሥር ግራና ቀኝ አየር ማስገቢያ አስከፈትኩ፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ተመታበት። ጠብታው ከዚያ ወዲህ በጣም ቀንሷል።

የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው 80 ሳንቲም ወጣ ይላል። ቆርቆሮ ታባክናለህ ተብዬ ነበር። ግድግዳዬን ያተረፈው እሱ ነው። በጓሮ በኩል ግን አሸንዳ ሳላደርግ ገባሁ። ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር አጠበው። መስከረም ላይ አሸንዳ አስመታሁ፤ ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ላይም ጠጠር ደፋሁበት።

ለመግባት እየተዘጋጃችሁ ከሆነ ጥቂት ነገር ልበል። ከመመረጉ በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሡ። ጭቃ ብቻውን ምስማር አይዝም። ቴሌቪዥኑን ስሰቅል ቋሚው የት እንዳለ፣ የመብራቱ ገመድ በየት እንደሚያልፍ ያወቅሁት ከስልኬ ነው። የገመዱ ቱቦ የሚቀበረውም ያኔ ነው፤ እኔ ሳሎን ውስጥ ያደረግሁት ሁለት ሶኬት አልበቃንም። ከመግባታችን በፊት ለሁለት ሳምንት መስኮቶቹን ቀን ቀን ከፍተን አናፈስነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ጭብጥ ያህል አርቀን አቆምነው፤ በኋላው አየር ያልፋል፣ ልብሱ ሻጋታ አልሸተተም። ከዚያ ካህኑ ጸበል ረጩልን፣ ባለቤቴ ቄጠማ ጎዝጉዛ የመጀመሪያውን ቡና አፈላች። የእጣኑ ሽታ ከጥዱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

የልጆቹን ክፍል ልስን ባለፈው ሳምንት አረገፍኩት። መዶሻ እንኳ ብዙም አላስፈለገው፤ በእጄ ሲሳብ እንደ ቂጣ ይነሳል። ከሥሩ ጭቃው ጠቁሮ ቀዝቅዞ ነበር። ከአልጋው ጀርባ ያለው ማገር ግን ደህና ነው፤ በቢላ ወግቼ አይቼዋለሁ። አናጢው መጥተው አዩት። ነግሬህ ነበር አላሉኝም። ግድግዳውን ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉና «አሁን ተወው፣ ይተንፍስ» ብቻ አሉ። እንደሌሎቹ በቀጭን ጭቃ ተመርጎ፣ እበት ተለቅልቆ ኖራ ይቀባል።

ልጆቹ አሁንም የሚተኙት ሳሎን ነው። ትንሿ በየቀኑ «ዛሬ ደረቀ?» ትለኛለች። ትናንት ማታ ፌስታሉን አብረን ለጠፍነው። ዛሬ ጠዋት ቀድማኝ ሮጣ አየችው። ሁለት ጠብታ ብቻ ነበረበት። ሌላ ሳምንት እንጠብቃለን።