ስለ ሬላቲቭ ክሎዝ ብቻ የሚያስተምር ኦንላይን ኮርስ፣ አሪፍ ነው ግን ዋናውን የኛን ችግር ዘሎታል

በአማርኛ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ግራመር የቪዲዮ ኮርስ ሰሞኑን ጨረስኩ፣ ሙሉው ስለ ሬላቲቭ ክሎዝ ነው፣ ሁ፣ ዊች፣ ዛት፣ ሁዝ በሚሉት ቃላት እየጀመረ ብዙ ጊዜ አንድን ስም የሚገልጸው የዓረፍተ ነገር ክፍል ማለት ነው፣ ለመመዝገብ ያሰባችሁ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጣም የወደድኩለት አንቲሲደንት ላይ ያለው ነገር ነው፣ ማለትም ክሎዙ የሚገልጸው ስም። እኛ "ትናንት የመጣው ልጅ" ስንል ገላጩ ቀድሞ ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ስሙን አስቀድሞ ክሎዙን ከኋላ ያስከትላል፣ ስለዚህ ሁ ወይም ዊች ባያችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዳችሁ የማን እንደሆነ መፈለግ አለባችሁ። አስተማሪው ሁሌ ከሁ ተነስቶ እስከ ስሙ ድረስ ቀስት ያሰምራል፣ ከዛ "ዘ ሲስተር ኦፍ ዘ ቲቸር ሁ ሊቭስ አብሮድ" የሚል ያመጣና ቀስቱ ወዴት ይሂድ ይላችኋል። ውጭ የሚኖረው ማነው፣ አስተማሪው ነው እህቱ? በግራመር ሁለቱም ያስኬዳል! እህትየዋን ለማለት ከፈለጋችሁ "ዘ ቲቸርስ ሲስተር ሁ ሊቭስ አብሮድ" በሉት፣ አለቀ። እንዲህ ችግሩን ከነመፍትሄው የሚያሳይ ትምህርት ብዙ አላየሁም።

ኮማውም ላይ ጎበዝ ነው። "ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ አብሮድ" ያለ ኮማ ከተጻፈ ሌላም ወንድም እንዳለኝ ያስመስላል፣ የትኛው ወንድም እንደሆነ የሚለየው ክሎዙ ስለሆነ፣ በኮማ ከታጠረ ግን ወንድሜ ማን እንደሆነ ታውቋል፣ ክሎዙ ጭማሪ መረጃ ብቻ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ደግሞ በሁ ፋንታ ዛት አይገባም። ኢሜይል የምትጽፉ ሰዎች ይሄን ክፍል ደጋግማችሁ እዩት።

ያልተመቸኝ ደግሞ፣ ዊች ስም ብቻ ሳይሆን ከሱ በፊት የተባለውን ሀሳብ በሙሉ ሊያመለክት እንደሚችል፣ ለምሳሌ "ሂ ኬም ሌት፣ ዊች አኖይድ ኤቭሪዋን" ሲባል ያናደደው ማርፈዱ እንደሆነ፣ እንደ ዋዛ ጠቅሶት ያልፋል፣ አንድም መልመጃ የለውም።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ "ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት" ይላል፣ ምክንያቱም "የገዛሁት መጽሐፍ" ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው ት መጽሐፉን ታመለክታለች፣ እሷን ይዘን እንሄድና ኢት እናደርጋታለን፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን ያንን ቦታ ዛት ይዞታል፣ ኢት ትርፍ ናት። በአማርኛ እያስተማሩ ይሄን አለማንሳት ምን ይሉታል? ተማሪው ህጉን ሁሉ ሸምድዶ ሲጽፍ እዛው ስህተት ላይ ይወድቃል፣ ለምን እንደተሳሳተም የሚነግረው የለም።

ቴንስ ገና ለሚያስቸግራችሁ አሁን አልመክርም፣ ዓረፍተ ነገር እየሰራችሁ ረዘም ሲል ለሚዘባረቅባችሁ ግን ተመዝገቡ፣ የኢት ነገር ለብቻችሁ ተለማመዱት።