በእጄ የሠራሁት የአኳሪየም የድንጋይ ግድግዳ፦ ከዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

የባሕር ዓሦችና ኮራሎች የማኖርበትን አኳሪየም የጀርባ መስታወት የሚሸፍነው ግድግዳዬ ውሃ ውስጥ ከገባ ዓመት አልፎታል። አሁን ስለሱ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። የሠራሁት ለመልኩ ብዬ ነበር። ዛሬ የምወደው ግን ለዓሦቹ ኑሮ ባመጣው ለውጥ ነው።

አኳሪየሙ ያለው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱም 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ለቢሮ መብራት መሸፈኛ የሚሆነውን ባለ ካሬ ቀዳዳ የፕላስቲክ ፍርግርግ በጀርባው መስታወት ልክ ቆረጥኩ። ለኩሬ ሥራ የሚሸጠውን ጥቁር ፎም (ሲነፋ አብጦ የሚደርቅ አረፋ) ነፋሁበት። ሳይደርቅ የደረቅ ሪፍ (የባሕር ኮራል ቋጥኝ) ድንጋይ ስባሪዎች ሰካሁበት። ከደረቀ በኋላ በየመሀሉ የቀረውን ጥቁር ቦታ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ቀብቼ አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ማዕድን የሆነ አሸዋ ነሰነስኩበት። ጓንት ግድ ነው። ያልደረቀ ፎም እጅ ላይ ከተለጠፈ በሳሙና አይለቅም።

ብዙ ሰው በሲሚንቶ ይሠራል። ሲሚንቶ ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ኖራ ይለቃል፤ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ሽቅብ ይሰደዋል። የሪፍ ውሃ ደግሞ ከ8.1 እስከ 8.4 ባለው መሀል ነው መቆየት ያለበት። ስለዚህ የሲሚንቶ ግድግዳ ውሃው እየተቀየረ ለሳምንታት መዘፍዘፍ አለበት። ፎም ይሄ ጣጣ የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ ይንሳፈፋል። ውሃ ሲሞላ ከነድንጋዩ ወደ ላይ ይገፋል። ሲሊኮን ደግሞ መስታወትን እንጂ ፎምን አጥብቆ አይዝም። የኔን ግድግዳ ወደ ታች የያዘው ከላይ ያለው የመስታወት ጠርዝ ነው፤ ፍርግርጉን ከሥሩ ወትፌዋለሁ። ሲሊኮኑም የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን። ያ መድኃኒት ለዓሣም ለኮራልም ጠንቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ከግድግዳው ጀርባ ወዳለው ክፍተት ልምጣ። ፍርግርጉን በአጫጭር የፕላስቲክ ቱቦዎች ደግፌ ከመስታወቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቄዋለሁ። አንድ ትንሽ ፓምፕ ከግራ በኩል ወደ ክፍተቱ ውሃ ይገፋል። ውሃው ድንጋዮቹ መሀል በተውኳቸው ቀዳዳዎች ወደ ፊት ይወጣል። ይሄ ባይኖር የዓሣ ኩስና የምግብ ትርፍራፊ እዚያ ተከማችቶ ይበሰብስ ነበር። እጅ የማይገባበት ቦታ ስለሆነ ማጽዳትም አይቻልም። እስካሁን ከዚህ ብስባሽ የሚመጣው ናይትሬት በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም አላለፈም። ከፊት የሚታየው ድንጋይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጀርባው የማይተነፍስ ግድግዳ ውሎ አድሮ ውሃውን ያበላሻል።

መልኩን በተመለከተ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ቡናማ ዲያቶም ሸፈነው፤ ቀጥሎ አረንጓዴ አልጌ መጣ። ቀንድ አውጣዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ከረሙ። ከዚያ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ኮራላይን አልጌ እየተንሰራፋ ሄደ። ካልሲየሙን በሊትር 420 ሚሊ ግራም፣ አልካሊኒቲውን (ውሃው ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የመቋቋም አቅሙን) ደግሞ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 9 አካባቢ ማቆየቴ ረድቶታል። አሁን የቱ ፎም፣ የቱ ድንጋይ እንደሆነ እኔም አለየውም። ቡና ሊጠጡ የሚመጡ ዘመዶቻችን ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው «ይሄን ሁሉ ከባሕር ነው ያመጣኸው?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ኦርኪድ ዶቲባክ የሚባለው ዓሣ ነው። ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ ነው፤ ቢያድግ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በኛው ቀይ ባሕር ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ቀጥ ባሉ የሪፍ ገደሎችና ጥላዎቻቸው ሥር ይኖራል። የኔው በሰው እጅ የተራባ ነው፤ ገደል አይቶ አያውቅም። ሆኖም ግድግዳው እንደ ተገጠመ አንዱን ቀዳዳ ቤቱ አደረገው። ድሮ ጥግ ላይ ተደብቆ ይውል የነበረው አሁን ግድግዳውን ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስበት ይውላል። ኮራሎቹም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ሞንቲፖራ የሚባለው ኮራል መብራቱ አጠገብ እንደ መደርደሪያ ወጥቷል፤ እንጉዳይ ኮራሎቹ ከታች ጥላው ውስጥ ተመችቷቸዋል። ግሪን ስታር ፖሊፕ የሚባለውን ኮራል ግን ግድግዳው ላይ አትትከሉ፤ እየተስፋፋ ሁሉንም ይውጠዋል።

እንከኖችም አሉት። ውፍረቱ በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ወደ 36 ሊትር ውሃ አሳጥቶኛል። ጨውም ሆነ ካልሲየም ስትጨምሩ ይሄን ቀንሳችሁ አስሉ። ኤይፕቴዢያ የሚባለው እንደ አረም የሚራባ ትንሽ የባሕር እንስሳ ስንጥቅ ውስጥ ሲበቅል ድንጋዩን ነቅሎ ማውጣት አይቻልም። ለኔ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የሚባሉት ትንንሽ ሽሪምፖች እየበሉ ገላግለውኛል። የባሕር ጃርት ደግሞ ፎሙን ሊፍቀው ስለሚችል አላስገባም።

አኳሪየማችሁ ከፊት ወደ ኋላ 45 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን አልመክራችሁም። ክፍተቱና ውፍረቱ ተደምረው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ፤ የቀረው ቦታ ለዓሦቹ መዋኛ አይበቃም። ለእናንተ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጀርባ ይሻላል።